ለለሆሳስ እንዴት ይጨበጨባል?

ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ አዝዛችሁ ተቀምጣችኋል። ጣራው ላይ ካለው ስፒከር አንዲት ሴት በማታውቁት ቋንቋ በለሆሳስ ትዘፍናለች። ጊታሩ ለስለስ ያለ ነው። ከበሮው እንደ ካፊያ ነው፣ አለ ሲሉት የለም። ቦሌም ሁኑ ዱባይ፣ ሆቴል ሎቢ ውስጥም ሁኑ የጥርስ ሐኪም ወረፋ ላይ፣ ይህ ድምፅ አይቀርላችሁም። ልብ ብሎ የሚያዳምጠው ግን ብዙም የለም። ከወሬ በታች ሆኖ እንዲኖር የተፈረደበት ሙዚቃ ነው።

ቦሳ ኖቫ ይባላል። አገሩ ብራዚል፣ ከተማው ሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የመታሰቢያ ኮንሰርት በዝቶለታል። ምክንያቱ ግልጽና አሳዛኝ ነው፤ የፈጠሩት ሰዎች እያለቁ ነው። ጆአው ዢልቤርቶ በ2019 በ88 ዓመቱ አረፈ። በ2023 ብቻ ሦስት ሰዎች ተከታትለው ሄዱ፦ በጁን አስትሩድ ዢልቤርቶ፣ በጁላይ ጆአው ዶናቶ፣ በዲሴምበር ካርሎስ ሊራ። በቀጣዩ ዓመት ሰርዢዮ ሜንዴስ ተከተላቸው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በሌላ በኩል ሙዚቃው ወጣት አድማጭ እያገኘ ነው። ላውፌይ የምትባለው የአይስላንድ ድምፃዊት በቦሳ ኖቫ ምት የሠራችው ዘፈን ቲክቶክን ሲያጥለቀልቅ ያዳመጡት ልጆች የአያቶቻቸውን ዘመን ሙዚቃ እየሰሙ መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ።

ከመታሰቢያ ኮንሰርቶቹ ሁሉ የእኔን ትኩረት የሳበው በኦክቶበር 2023 ኒውዮርክ፣ ካርኔጊ ሆል የተካሄደው ነው። መድረኩን የመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሴዉ ጆርጅ ነው፤ ከሪዮ ዳርቻ የወጣ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ያለው ጥቁር ብራዚላዊ ዘፋኝ። ሌላው ፒያኒስቱ ዳኒኤል ጆቢም ነው፤ የታላቁ አቀናባሪ የቶም ጆቢም የልጅ ልጅ። ስሙን ባታውቁት ሳታዩት አልቀራችሁም። በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ሞዴሏ ጂዜል ቡንሸን ማራካና ስታዲየምን አቋርጣ ስትራመድ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ «የኢፓኔማዋ ልጅ» የተባለውን ዝነኛ የቦሳ ኖቫ ዘፈን ይዘፍን የነበረው እሱ ነው።

ኮንሰርቱ የተዘጋጀው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ኖቬምበር 21 ቀን 1962 የተካሄደውን ዝነኛ የቦሳ ኖቫ ምሽት ለማስታወስ ነው። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ያ የመጀመሪያው ምሽት፣ የነበሩበት ሰዎች ራሳቸው እንደሚያወሩት፣ ዝብርቅርቁ የወጣ ምሽት ነበር። ታዲያ ምኑ ነው የሚዘከረው?

መልሱን ለማግኘት ወደ አንድ መታጠቢያ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ቀልዴን አይደለም።

ጆአው ዢልቤርቶ በ1931 ጁዋዜይሮ በምትባል የባሂያ ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሪዮ ሄዶ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሥራ የለም፣ ቤት የለም፣ በጓደኛ ሶፋ ላይ ማደር ብቻ። በ1955 አካባቢ ዲያማንቲና የምትባል የተራራ ከተማ እህቱ ቤት ገባ። እዚያ ወራት ሙሉ ፒጃማውን እንደለበሰ ጊታሩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ይቀመጥ ነበር። ሴራሚኩ ድምፅን ይመልሳል፤ ቀስ ብለህ ብትዘፍን እንኳ የራስህን ድምፅ አጥርተህ ትሰማለህ። አንድን ኮርድ መቶ ጊዜ ይደጋግማል። ቤተሰቡ ልጁ አብዷል ብሎ ሰጋ።

አላበደም። ሳምባ የሚባለውን የብራዚል የጭፈራ ሙዚቃ ከበሮዎች በሙሉ ሰብስቦ አንድ ጊታር ውስጥ እየከተተ ነበር። አውራ ጣቱ የትልቁን ከበሮ፣ የሱርዶን ምት ይይዛል፤ እኩል፣ የማይዛነፍ። የቀሩት ጣቶች የትንሿን የታምቦሪም ምት ይዘው ወጣ ገባ ይላሉ። ከዚህ ላይ ድምፁ ይመጣል፤ ግን በጊታሩ ምት ላይ አይቀመጥም። አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መጨረሻው ላይ ይገናኛሉ። ሞክሩት። እየቆጠሩ መዘመሩ እንኳ ያስቸግራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ድምፁን ከፍ አያደርግም። የዚያ ዘመን የብራዚል የሬዲዮ ዘፋኞች አዳራሽ የሚያናውጥ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነበር ያላቸው። ጆአው ጆሮህ ሥር የሚያወራ ሰው ይመስላል። ይህ ሊሆን የቻለው ማይክሮፎን ስለተሻሻለ ነው። ማይክሮፎኑ ትንፋሽን የሚይዝ ከሆነ መጮህ ለምን ያስፈልጋል? እንግዲህ ቦሳ ኖቫ የጊታር ሙዚቃ የሆነውን ያህል የማይክሮፎን ሙዚቃም ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስሙ ራሱ ደስ ይላል። «ቦሳ» በሪዮ የመንገድ ቋንቋ አንድን ነገር በራስ ለዛ፣ በቅልጥፍና መሥራት ማለት ነው። ወደ አማርኛ መልሰው ቢሉኝ «አራዳነት» እላለሁ። ቦሳ ኖቫ፣ አዲሱ አራዳነት።

በ1958 ጆአው የቶም ጆቢምንና የገጣሚውን ቪኒሲየስ ዴ ሞራይስን ዘፈን ቀረጸ። ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ሸክላ ነች። ርዕሷ ሼጋ ጂ ሳውዳጂ ነው። «ሼጋ» እዚያ «በቃ» ማለት ነው፤ ከእኛ ሸጋ ጋር ዝምድና የለውም። «ሳውዳጂ»ን ግን ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች በሌላ ቋንቋ አይተረጎምም እያሉ ይኮሩበታል። ይህን ስሰማ ሁሌ ፈገግ እላለሁ። ትዝታን የምናውቅ ሰዎች እኮ ነን። ያለፈን ነገር እያጣጣሙ ማዘን፣ ማዘኑንም መውደድ፤ እኛ ለዚህ ስሜት ሙሉ ቅኝት ሰጥተነዋል። ልዩነቱ ጆአው ናፍቆቱን «በቃኝ» እያለ መዝፈኑ ነው። እኛ ትዝታን በቃኝ ብለን አናውቅም።

ሸክላውን የሰሙ የሪዮ ወጣቶች አበዱ። ሮቤርቶ ሜኔስካል፣ ካርሎስ ሊራ፣ ናራ ሌአው፤ አብዛኞቹ ከኮፓካባናና ከኢፓኔማ ደህና ቤተሰብ የተገኙ ልጆች ናቸው። ናራ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረች ልጅ ስትሆን፣ የወላጆቿ አፓርታማ ኮፓካባና ባሕር ዳር ላይ ነበር። ማታ ማታ እዚያ ይሰበሰባሉ። ግድግዳው ለጎረቤት ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ይባላል። በአካባቢው ደግሞ የጠርሙሶች ስርጥ የሚባል ጠባብ መንገድ ነበር፤ በትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች የተሞላ። ስሙን ያገኘው ፎቅ ላይ ያሉት ነዋሪዎች ጫጫታው ሲመርራቸው ጠርሙስ ይወረውሩ ስለነበር ነው። እንደሚወራው ከሆነ ታዳሚው በጭብጨባ ፋንታ ጣቱን ማስጮህ የጀመረውም ጎረቤት እንዳይቀሰቀስ ብሎ ነው። የሙዚቃው ልክ ይህ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ጊታር፣ የተኛ ጎረቤት።

ዘመኑም ያግዛቸው ነበር። ፕሬዚዳንት ኩቢቼክ የሃምሳ ዓመቱን ልማት በአምስት ዓመት እናመጣለን ብለው ነበር። አዲሷ ዋና ከተማ ብራዚሊያ በ1960 ተመረቀች። ብራዚል በ1958 የዓለም ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ በላች፤ ያውም በ17 ዓመቱ ፔሌ። አገሩ ሁሉ ነገ የኛ ነው ያለበት ጊዜ ነው። ዘፈኖቹ ስለ ባሕር፣ ስለ ትንሽ ጀልባ፣ ስለ ፈገግታ ቢሆኑ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ አሜሪካ ሰማች። ጊታሪስቱ ቻርሊ በርድ በ1961 በመንግሥቱ የባህል ጉብኝት ደቡብ አሜሪካ ሄዶ ሸክላ ይዞ ተመለሰ። ከሳክስፎኒስቱ ስታን ጌትዝ ጋር በፌብሩዋሪ 1962 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ገብተው አልበም ቀረጹ። አልበሙ በቀጣዩ ዓመት የቢልቦርድን የአልበም ሰንጠረዥ አንደኝነት ያዘ። የጃዝ አልበም እንዲህ መሸጡ ብርቅ ነው። ወዲያው ሁሉም ሰው ቦሳ ኖቫ አለ። የቦሳ ኖቫ ዳንስ ተፈጠረ፤ ሪዮ ውስጥ ማንም የማያውቀው ዳንስ።

ሲድኒ ፍሬይ የተባለ የሸክላ ኩባንያ ባለቤት ታዲያ ዕድሉን አየ። ባለቤቶቹን ከነሕይወታቸው አምጥቼ ካርኔጊ ሆል አቆማለሁ አለ። የብራዚል ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ለአገር ገጽታ ይጠቅማል ብሎ አገዘ። ጆአው መጣ፣ ቶም ጆቢም መጣ፣ ሉዊስ ቦንፋ፣ ሊራ፣ ሜኔስካል፣ ሰርዢዮ ሜንዴስ፣ ሌሎች ብዙዎች መጡ። አንዳንዶቹ ከሳሎን ሌላ መድረክ ያን ያህል የማያውቁ ነበሩ። ሜኔስካል ጊታሪስት እንጂ ዘፋኝ አልነበረም፤ ግን ዘፈነ።

እና ማይክሮፎኑ። መድረኩ በማይክሮፎን ተሞልቶ ነበር፤ አብዛኛው ግን ሸክላ ለመቅረጽ የተተከለ ነበር እንጂ አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው አልነበረም። ወደ 2,800 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተወለደ ለሆሳስ እዚያ ውስጥ ጠፋ። ትንፋሽ የሚይዝ ማይክሮፎን ከሌለው ቦሳ ኖቫ ምንድነው? ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ማየት ነው። የዘፈኖቹ መብዛት፣ የቅደም ተከተሉ መምታታት ተጨመረበት። ብራዚል ውስጥ ጋዜጦች «አዋረዱን» ብለው ጻፉ። ሆዜ ራሞስ ቲንሆራው የሚባለው ምላሰ ስለታም ሃያሲ ቀድሞም ይህ የአሜሪካ ጃዝ ውላጅ ነው ይል ስለነበር ሰርግና ምላሽ ሆነለት።

ግን ተመልከቱ። የከሸፈው ኮንሰርት በር ከፈተ። ጆአውና ቶም ጆቢም ኒውዮርክ ቀሩ። አራት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 1963፣ ከስታን ጌትዝ ጋር ስቱዲዮ ገቡ። በሁለት ቀን አልበም ጨረሱ። የጆአው ሚስት አስትሩድ እዚያው ነበረች። 22 ዓመቷ ነው፤ ሙያዬ ብላ ዘፍና አታውቅም። እንግሊዝኛ ትችል ስለነበር የኢፓኔማዋን ልጅ በእንግሊዝኛ ያለውን ክፍል ዘፈነች። ፕሮዲውሰሩ ለሬዲዮ ሲያሳጥረው የባሏን የፖርቱጋልኛ ክፍል ቆርጦ የእሷን ብቻ ተወ። ዘፈኑ በ1964 በአሜሪካ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ አምስተኛ ደረሰ። አልበሙ ሁለተኛ ሆነ፤ አንደኛ እንዳይሆን የከለከሉት ቢትልሶች ናቸው። በ1965 የግራሚን የዓመቱ አልበም ሽልማት ወሰደ። አስትሩድ ለዚያ ቀረጻ ያገኘችው፣ ብዙ ጊዜ እንደሚጻፈው፣ 120 ዶላር ነው። ካፌ ውስጥ የምትሰሟት ድምፅ የእሷ ልትሆን ትችላለች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የኛ ሰው ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ሁለት የአፍሮ ላቲን አልበሞችን እዚያ አሳትሟል። በሁለተኛው ላይ ካሉት ሥራዎች አንዱ «ልጅት ከአዲስ አበባ» የሚል ርዕስ አለው። ሙዚቃው ይበልጥ ወደ ካሪቢያን ላቲን ያደላል፤ ቦሳ ኖቫ ነው ብዬ አልከራከርም። የኢፓኔማዋ ልጅ በየሬዲዮው በምትንጎራደድበት ሰዓት የአዲስ አበባዋም ብቅ ማለቷን ግን ወድጄዋለሁ።

ብራዚል ውስጥ ያለው ነገር ግን ተለውጦ ነበር። በ1964 ወታደሩ ሥልጣን ያዘ፤ እስከ 1985 አለቀቀም። ስለ ባሕርና ስለ ፈገግታ መዝፈን ድንገት ሼም ሆነ። ለቦሳ ኖቫ ሳሎኗን የከፈተችው ናራ ሌአው ራሷ በዚያው ዓመት መጨረሻ በተቃውሞ ትርኢት ላይ ከድሃ ሠፈር የሳምባ ዘፋኝና ከሰሜን ምሥራቅ ገጠር ከመጣ ዘፋኝ ጋር ቆመች። ገጣሚው ቪኒሲየስ ዲፕሎማትም ነበር፤ ወታደሮቹ ከሥራው አባረሩት። ቦሳ ኖቫ በአገሩ እንደ ትኩስ ነገር የቆየው ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። የቀረው ዕድሜው በውጭ አገር፣ በሊፍትና በሎቢ አለፈ።

ወደ መታሰቢያው ልመለስ። ትንሽ ሙዚቃን በትልቅ አዳራሽ ማክበር ራሱን ችሎ ችግር ነው። ጆአው ዢልቤርቶ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ጋር ሲታገል ኖሯል። የአየር ማቀዝቀዣ ይጠፋልኝ ይል ነበር፤ ሽውታው ይረብሸዋል። በ1999 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሲመረቅ ከዘፋኙ ካኤታኖ ቬሎዞ ጋር ተጋብዞ ድምፁ ያስተጋባል ብሎ ደጋግሞ አማረረ። ታዳሚው ጮኸበት። እሱም ምላሱን አወጣባቸው፤ የሰካራም ጩኸት አይቆጠርም ብሎም አዜመባቸው። አስቸጋሪ ሰው ነበር ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ልክም ነበር። ሥራው የሚኖረው በዝምታ ውስጥ ነው፤ ዝምታውን ከወሰዳችሁበት ምን ቀረው?

የሙዚቃው 50ኛ ዓመት ሲከበር በ2008 ካርኔጊ ሆል፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ሪዮና ሳልቫዶር ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ተጫወተ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር። የመጨረሻ ኮንሰርቶቹ ሆኑ። ለእኔ ከመታሰቢያዎች ሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው።

ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ የመታሰቢያ ኮንሰርቶች ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ኦርኬስትራ ይጨመራል። ስክሪን ላይ የኢፓኔማ ባሕር ይለቀቃል። ዘፋኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ። ከሰላሳ ዘፈን ውስጥ ደግሞ ያው የሚታወቁት አምስቱ ናቸው የሚመጡት። እንዲህ ሲሆን የሚከበረው ፖስትካርዱ ነው። ቶም ጆቢም ከጻፋቸው ዘፈኖች አንዱ «ከቅኝት የወጣ» የሚል ርዕስ አለው፤ መዝፈን አይችሉም ላሏቸው የተሰጠ መልስ ነው። ዜማው ጆሮ ወደማይጠብቀው ድምፅ ይታጠፋል። ይህን ዘፈን አስተካክሎ፣ አለስልሶ ማቅረብ ቀልዱን መግደል ነው። ስንቶቹ እንደሚያለሰልሱት ብታዩ።

የ2023ቱን ግን በጥሩ ዓይን የማየው በሁለት ሰዎች ምክንያት ነው። አንዱ ሮቤርቶ ሜኔስካል ነው። በ1962 ሳይችል የዘፈነው ጊታሪስት 86ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ጊታሩን ይዞ እዚያው መድረክ ላይ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ የድምፅ መሣሪያውም ለለሆሳስ የሚሆን ነበር።

ሌላዋ አላይዴ ኮስታ ነች። ስለ እሷ ለማውራት አንድ ደስ የማይል ነገር ማንሳት ግድ ይላል። ሳምባ የጥቁር ብራዚላውያን ሙዚቃ ነው። ቦሳ ኖቫ ከሳምባ ወጣ፤ ፖስተሩ ላይ የሚታዩት ፊቶች ግን ከሞላ ጎደል የባሕር ዳር ነጭ ልጆች ናቸው። ከእነሱ በፊት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጆኒ አልፍ የሚባል ጥቁር ፒያኒስት በሪዮ የሌሊት ቤቶች እነዚያን እንግዳ ኮርዶች ይጫወት ነበር። ጆቢምን ጨምሮ ወጣቶቹ እየሄዱ ያዳምጡት ነበር። ጆቢም ሊቅነቱንና ስሙን አጋጥሞ «ዢኒያልፍ» ይለው ነበር ይባላል። በ1955 ወደ ሳኦ ፓውሎ ለሥራ ሄደና፣ ሪዮ ውስጥ ነገሩ ሲፈነዳ አልነበረም። በ2010 ሲሞት ከሙዚቀኛ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

አላይዴም እንደዚያው። ጥቁር ነች፤ ያደገችውም ከባሕሩ ርቆ ካለው ሠፈር ነው። እነዚያ የሳሎን ስብሰባዎች ላይ ነበረች፤ ገና ስም ያልወጣለትን ሙዚቃ ዘፍናለች። ድምፆቿን እንደ ክር አሳስታ ትጎትታለች፣ አትቸኩልም። ቦሳ ኖቫ ሲታወቅ ግን እሷ ወደ ዳር ሆነች። በ1962 ወደ ኒውዮርክ በበረሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟ የለም። ይህን በቃለ ምልልሶቿ ደጋግማ አንስታዋለች። ጊዜው ሄደ። ሰባ አለፋት፣ ሰማንያ አለፋት። እርጅናዋ ላይ ወጣት ሙዚቀኞች ፈልገው አገኟት፤ በ2022 አዲስ አልበም አወጣች።

ኦክቶበር 2023 ላይ 87 ዓመቷ ነበር። ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ወጣች። እንደ ድሮው፣ ሳትቸኩል፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ዘፈነች። አዳራሹ አጨበጨበላት፤ ጣቱን ያስጮኸ ሰው አልነበረም።